የጀርባሽ ክር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእቴቴ፤ ለእናቴ እህት፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ለእናቴ።

ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናሽስ፣ አሁንም ጠዋት ስትነሳ እንደ አማት ታጉረመርማለች? እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ስልክ አልወድም ስላልሽ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። «በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ ክር ደግሞ በስልክ አይላክም» ያልሽውን ለባለቤቴ ብነግረው ሲስቅ ዋለ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለትልቅ ጉዳይ ነው። አከራያችን ቤቱን ሊሸጠው ነው። ለሌላ ሰው ከማሳየቱ በፊት ቅድሚያውን ለእኛ ሰጥቶናል፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። ባንኩ እሺ ብሏል። ባለቤቴማ ልቡ ከገባበት ቆየ፤ ድልድይ ሠሪ አይደል፣ ግድግዳውን በጡጫው እየመታ «ይሄ ቤት ለልጅ ልጅ ይቆማል» ይለኛል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

ቤቱን ብታይው ትወጂዋለሽ። ሰፈሩ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ ቤቱ ሁሉ ባለ አጥር፣ ባለ ግቢ። ውሃ አይሄድም፣ አቧራ አይገባም። ከላይ ያለችው ክፍል ቢሮዬ ናት፤ የሰው ሒሳብ እዚያው ኮምፒውተሬ ላይ እሠራለሁ እንጂ መሥሪያ ቤት መሄድ ካቆምኩ ቆየሁ። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው የጠዋት ፀሐይ የሚገባባት ያንቺ ናት፤ ማንም አይተኛባትም። ታዲያ ምን ቸገረሽ ትይኛለሽ። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው። ልፈርም እጄን ሳነሳ የሆነ ነገር ይይዘኛል። አንቺ ጨርቅ ዳስሰሽ ስንት ዓመት እንደሚለበስ ታውቂያለሽና፣ እስቲ ይህንንም መዝኚልኝ። የሚከፋው ጎኑ ምን ይሆን?

የእናቴስ ሰማያዊ ጨርቅ? «ልጄ የራሷን ቤት ስትይዝ ይሰፋላት» ብላ ሳጥንሽ ውስጥ ያስቀመጠችው። ምናልባት ጊዜው ደርሶ ይሆናል ብዬ እንደ ልማዳችን መጠኔን በክር ወስጄ ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ባለ አንድ ቋጠሮው ደረቴ፣ ባለ ሁለቱ ወገቤ፣ ባለ ሦስቱ ቁመቴ ነው። ቁልፎቹን በፊት በኩል አድርጊልኝ።

እጅሽን ከመርፌ ይጠብቅልኝ።

ያንቺው ጭራሮ

ኅዳር 3

ለጭራሮዬ፣ ለሆዴ።

እንዴት ነሽልኝ? ድልድይ ሠሪውስ? መውጫችሁ ሰላም፣ መግቢያችሁ ሳቅ ይሁን። እኔ አለሁ። ደብዳቤሽን ጡረተኛው ሾፌር ከፖስታ ቤት ይዞልኝ መጣና «ከሀብታሟ ነው!» እያለ ከበር እስከ ጓዳ ጮኸ። እስክከፍተው ድረስ ግቢው ሁሉ ቤት ልትገዢ መሆኑን ገምቶ ጨርሷል። ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ «አይበዛባትም?» አለ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሰፈርሽ ነው።

መዝኚልኝ አልሽ። እሺ። ግን ድሃ ሰፈር ገነት ነው የሚል ወሬ ከእኔ እንዳትጠብቂ። እዚህ ለስንት አባወራ አንድ ቧንቧ ነው ያለን፤ በእሱ ሰበብ የልብስ አጣቢዋና እኔ ከተኮራረፍን ክረምትና በጋ አለፈ። ግድግዳ የሚጋራኝ ዳቦ ጋጋሪ ሲያንኮራፋ ጆሮዬ ሥር ነው። ካስነጠስኩ «ጉንፋን ያዘሽ እንዴ» የሚለኝ ሦስተኛ ቤት ያለው ነው። ጸጥታ ያማረኝ ቀን ስንት ነው! ስለዚህ ጸጥታሽን አትናቂው። ውሃሽንም አትናቂ፤ የማይሄድ ውሃ ትልቅ ነገር ነው።

ብቻ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ጨው ቢያልቅብሽ ወዴት ትሄጃለሽ? በእግርሽ ነው? ልብስ የት ታሰጫለሽ? ከፊትሽ ያለው ቤት ውስጥ ማነው የሚኖረው፣ ምን ሠርቶ ነው የሚያድረው? ጨርቅ ሲመዘን ፊቱ ብቻ አይታይም፣ ይገለበጣል።

የእናትሽ ጨርቅ ደህና ነው። አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት፤ ሽታዋ አሁንም አለበት፣ ትንሽ አለቀስኩ፣ መልሼ አጠፍኩት። ግን መቀስ ላነሳ አልችልም፤ ባለ አራት ቋጠሮውን ረስተሻል። የጀርባሽ ክር የለም። ከትከሻሽ ጫፍ እስከ ትከሻሽ ጫፍ። ደግሞ ሜትር አንብበሽ ቁጥር እንዳትልኪ፤ ቁጥርን ሰው እንዳሻው ያነበዋል፣ ክር ግን ያው ክር ነው። ጀርባን ሰው ራሱ አይለካውም፤ ባልሽ ጫፉን ይያዝልሽ። ቁልፍ በፊት ያልሽው ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው? እንዲህ ያለ ጨርቅ ደረቱ ለሁለት ይከፈላል እንዴ? የጀርባ ቁልፍ ነው የሚያምርበት። አስቢበት።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 9

ለእቴቴ፤ ሳቅሽ አይጥፋ።

የልብስ አጣቢዋንና ያንቺን ኩርፊያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። አሁንም ስታልፍ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሳለች?

ጥያቄሽን ልመልስ። ጨው ካለቀ በመኪና ነው። አንድ ቀን እግሬን ላፍታታ ብዬ በእግሬ ወጣሁ። የጥበቃው መኪና ቀስ ብላ አጠገቤ ደረሰችና «እመቤት፣ መኪናዎ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ ጠባቂው። «አይ፣ በእግሬ መሄድ አምሮኝ ነው» አልኩት። ግራ ገባው። ከዚያ እስከ ሱቁ ድረስ ከኋላዬ እንደ ቀብር አጃቢ እየተንፏቀቀ ሸኘኝ፣ ስመለስም እንደዚያው። ሰው ሁሉ በመጋረጃ ሳያየኝ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ወጥቼ አላውቅም።

ልብስ የሚሰጣው ማሽን ውስጥ ነው። አንዴ ፀሐዩ አጓጉቶኝ አንሶላ ከጓሮ ባሰጣ፣ በሳምንቱ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ወረቀት መጣልኝ፤ «የመንደሩን ገጽታ የሚያበላሽ» ይላል። ያመለከተችው ከጓሮዬ ትይዩ ያለችው ባለ ግራጫ በር ናት አሉ። ማን ናት ብትይኝ አላውቃትም። የማውቀው የመኪናዋን መስታወት ነው። ከፊቴ ያሉትንም አላውቃቸውም፤ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ መኪና ይገባል፣ በሩ ራሱ ይዘጋል። ሰው ከመኪና ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

ይኸውልሽ፣ እኔም ሳላውቀው ለመድኩት መሰለኝ። ባለፈው የበሩ ደወል ቢጮህ ደንግጬ መብራቱን አጥፍቼ ጸጥ አልኩ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነበር። እቴቴ፣ እኔ! በሩ ተዘግቶ የማያውቅ ግቢ ውስጥ ያደግኩት ልጅ! ኋላ በራሴ ሳቅኩ፣ ግን ሳቁ አልጣፈጠኝም።

መልካሙንም ልንገርሽ፣ አለዚያ ሚዛኑ ያጋድላል። ጓሮው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ወፎቹ ጉባኤ ይቀመጡበታል። ሥራዬን ማንም አያቋርጠኝም። አየሩ ንጹሕ ነው። ባለቤቴም ከድልድዩ ሥራ ደክሞት ሲመጣ እዚህ ዕንቅልፍ ይወስደዋል፤ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሦስት ቀን ተኝቶ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም፣ አይደለም እንዴ?

ጀርባዬን ረሳሁት። ባለቤቴ ሲመጣ ይለካኛል። ቁልፉ ግን በፊት ይሁንልኝ፤ በፊት ይቀለኛል።

ጭራሮ

ጥር 14

ለጭራሮዬ።

ጤና ይስጥሽ፣ ልብም ይስጥሽ። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው፤ ብርዱም እጄን ያዘኝ።

ባልሽ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሄደ ትያለሽ፤ ወረድ ብለሽ ደግሞ ሲመጣ ይለካኛል ትያለሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ክር የሚይዝበት ጊዜ አጣ? ተጣልታችሁ ከሆነ ንገሪኝ። ባልና ሚስት ቢጣላ ብርቅ አይደለም፤ እኔም ከነፍሱን ይማረው ጋር ስንጣላ ሱሪውን አሳጥሬ እሰፋበት ነበር።

ስለ ቤቱ የማስበውን አሁን አልነግርሽም፤ ጨርቁን ገና እየገለበጥኩት ነው። ብቻ አትቸኩይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን የሸሸሽበት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አንቺ እኮ በልጅነትሽ ደብዳቤ አመላላሹን ምሳ ካልበላ አትሂድ ብለሽ እግሩ ላይ የተጠመጠምሽ ልጅ ነሽ።

የጀርባሽን ክር ላኪ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያየኛል።

አክስትሽ

የካቲት 10

ለእቴቴ፤ እንደምን ከረምሽ?

ተጣልተን አይደለም፣ አታስቢ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አጭር የምጽፈው፤ የግማሽ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ ነው። ይኸው ባለ አራት ቋጠሮው ጀርባዬ! አሁን መቀስሽን አንሺ። ሁሉም ደህና ነው፣ ቤቱም ደህና ነው፣ ዛፉ አብቧል።

ጭራሮ

መጋቢት 2

ልጄ፣

ክሩን ከደረትሽ ክር ጎን ዘርግቼ አየሁት። ይህ ያንቺ ጀርባ አይደለም። በዚህ ልክ ብሰፋ እኔና አንቺ አብረን እንገባበታለን፣ ለሾፌሩም ቦታ ይተርፋል። ከባልሽ ሸሚዝ ላይ ነው የለካሽው፤ አልጋ ላይ ዘርግተሽ።

አልተቆጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን አትዋሺኝ። እዚያ ሁሉ ቤት መሃል ጀርባሽ ላይ ክር የሚይዝልሽ ሰው የለም ወይ?

አክስትሽ

መጋቢት 24

እቴቴዬ፣

የለም።

ጥያቄሽን ያነበብኩት ወጥ ቤት ቆሜ ነበር፤ አንብቤ ስጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሸሚዙም የእሱ ነው፤ አልጋ ላይ ነው የዘረጋሁት። ምን አባቴ ላድርግ፣ መጀመሪያ በራሴ ሞክሬ ነበር። የክሩን አንድ ጫፍ በፕላስተር ትከሻዬ ላይ ለጥፌ ሌላውን በመስታወት እያየሁ ብስበው ተላቀቀ። ብለጥፈው ተላቀቀ። እጄ አልደርስ አለ። ቁልፉ በፊት ይሁን ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ በጀርባ ከሆነ የሚቆልፍልኝ የለማ።

ባለቤቴ ክፉ ሆኖ አይደለም። ወሩን ሙሉ እዚያ ድልድይ ላይ ነው፤ ሲመጣ ደክሞት ነው የሚመጣው። በታኅሣሥ ሲመጣ ስለ ፊርማው አንስቶ «ምን ጎደለሽ?» አለኝ። ዝም ስለው ከፋው፣ ሲከፋው ከፋኝ፣ እንደተኮራረፍን ሄደ። የተኮራረፉትን ሰው ጀርባዬን ለካኝ ይሉታል?

ላንቺም ያልነገርኩሽ ነውር መስሎኝ ነው። ስንቱ የሚመኘው ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ አንቺ ለቧንቧ ተሰልፈሽ፣ እኔ ከፋኝ ልበል? ጥጋብ መሰለኝ። በጥር ወር ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። ስነሳ ግቢው ያው ነው፣ ሣሩ ታጭዷል፣ በሩ ላይ ያለችው ካሜራ ታየኛለች፤ መታመሜን ያወቀ ሰው ግን አልነበረም። ብሞት ኖሮ መጀመሪያ የሚጽፍልኝ ኮሚቴው ነበር፣ ቆሻሻ ማውጫው ቀን አለፈ ብሎ። ቀልዴን ነው። አይደለም፣ ቀልዴን አይደለም።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ደብዳቤዎችሽን ደርድሬ አየኋቸው። የኅዳሩ ደብዳቤሽ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ሁሉም ነገር ባንድ ወረቀት ገብቷል። የጥር ወሩ ተለቅ አለ። የመጋቢቱማ ሁለት ፊደል መስመሩን ሞላው፤ መስመሩም ወደ ታች ይንሸራተታል። «ብርዱ ነው» አልሽኝ። እቴቴ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ? አንቺም አትዋሺኝ።

ያንቺው

ሚያዝያ 5

ለልጄ፣ ለሆዴ፣ ለጭራሮዬ።

በሞትኩት! ትኩሳት ጥሎሽ እኔ ሳልሰማ! በይ አይዞሽ። አንቺ ከፋኝ ስላልሽ እዚህ ቧንቧው አይደርቅም። ከእንግዲህ ሲከፋሽ ከፋኝ በይ፤ የሀብታም ሰፈር ኀዘን ቀረጥ የለበትም።

ዓይኔ ሞራ ነው። ይገፈፋል ብለውኛል፣ ለግንቦት ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ያልነገርኩሽ ደንግጠሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው። ሥራዬን አላቆምኩም። እንዴት ትሠሪያለሽ ካልሽኝ፣ መኪናዋን እጄ ያውቃታል፤ ያስቸገረኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ ነው። እሱም መላ ተገኝቶለታል። ጠዋት በሬን ከፍቼ መርፌዎቼን የመርፌ መስኪያ ትራሷ ላይ ሰክቼ በሩ ደፍ ላይ አስቀምጣታለሁ። ወደ ሥራው የሚያልፈው ሁሉ አንዳንድ መርፌ አንስቶ ክር አስገብቶልኝ ያልፋል። ጋጋሪው ዱቄት በነካው እጁ፣ ነርሷ እየሮጠች፣ ሾፌሩ መርፌውን እየተሳደበ። የልብስ አጣቢዋስ? ሰላም አትለኝም፣ አታየኝም፤ መርፌዋን ግን አንስታ፣ ክሩን በከንፈሯ አርጥባ፣ አስገብታ፣ መልሳ ሰክታ ትሄዳለች። ኩርፊያችን እንዳለ ነው። እስከ ማታ የምሰፋው በዚያ ነው።

አሁን ቤቱን መዘንኩት። ቤቱ ጥፋት የለበትም። ውሃውም፣ ዛፉም፣ ጸጥታውም ጥፋት የለባቸውም። የሚከፋው ጎኑ ምንድነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ይኸውልሽ፣ በደጅሽ የሚያልፍ ሰው የለም። የማያልፍ ሰው መርፌ አያነሳም። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ እነዚያ ሰዎች እምቢ አሉሽ ወይስ አልጠየቅሻቸውም? እሱ ሳይታወቅ አትፈርሚም፣ አትተዪውምም። ከዚህ ጋር ከእኔ ክር ቆርጬ ልኬልሻለሁ። ይዘሽ ውጪ። አንኳኪ፤ «ጀርባዬን ለኩልኝ» በይ። ይሳቁብሽ፣ ምን ትሆኛለሽ? ከዚያ ሁሉ ደጅ አንድ ሰው ካጣሽ ግድግዳው ለልጅ ልጅ ቢቆምም ላንቺ አይሆንም። ካገኘሽ ደግሞ እንደገና እንመዝናለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉ እኔ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ግን ባይሻልሽም ይኑርሽ።

ይህን ደብዳቤ ለባልሽ አሳዪው፣ አትደብቂው። ድልድይ ሠሪ አይደል? ከሁለት ዳር ቆመው ለሚተያዩ ሰዎች ምን እንደሚሠራ እሱ ያውቃል።

አክስትሽ፣ ለጊዜው ዓይነ ደካማዋ

ሚያዝያ 27

እቴቴዬ፣ እጅሽን ስሜ፣ ዓይንሽን ስሜ።

ክርሽ ደረሰኝ። ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን «በቃ!» ብዬ ወጣሁ፣ በእግሬ። መጀመሪያ ከፊት ለፊት ያለውን በር ደወልኩ። ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ «ምን ልርዳዎት?» አለ። «ጎረቤትዎ ነኝ፤ ጀርባዬን በክር እንዲለኩልኝ ነበር» አልኩ። «ይቅርታ፣ አንገዛም» ብሎ ጠፋ! ቀጥሎ ያለው ጋ ውሻ ብቻ ነው ያናገረኝ። ይሄኔ የጥበቃው መኪና ደረሰች። «ችግር አለ፣ እመቤት?» «የለም። አንተ ክር መያዝ ትችላለህ?» አልኩት። ክሩን አየ፣ እኔን አየ፣ «ደንቡ አይፈቅድልንም» አለኝ። ግን እግዜር ይስጠው፣ ቀስ ብሎ በጣቱ ወደ ግራጫው በር ጠቆመኝ።

ወደዚያች ከሳሼ? ሄጄ ደወልኩ። ራሷ ከፈተች፤ ዕድሜዋ ወዳንቺ የሚጠጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቀጥ ያለች ሴት። ገና አፌን ሳልከፍት «ስለ አንሶላው ከሆነ…» ብላ ጀመረች። «ስለ አንሶላው አይደለም፤ ጀርባዬን ይለኩልኝ ብዬ ነው» አልኳትና ክርሽን ዘረጋሁላት። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ግቢ» አለችኝ።

ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም። አዙራ አቆመችኝና አንዱን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ያዘች፤ ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር። ክሩን ስትስበው ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ ሰው ሲነካኝ ከስንት ጊዜዬ እንደሆነ ያኔ ነው የታወቀኝ። ምን ያስለቅስሻል አላለችኝም። አራቱን ቋጠሮ ራሷ ቋጠረችው፤ ግራኝ ናት፣ ቋጠሮው የተገለበጠው ለዚያ ነው።

ልወጣ ስል «ቆይ» አለችኝ። ገብታ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ጀርባው እስከ ወገቧ ክፍት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለብሳው አታውቅም። «ዚፑን የሚዘጋልኝ ጠፍቶ ነው» አለች፣ እየሳቀች። ዘጋሁላት። «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ስላት «የትም» አለችኝ። ከዚያ ያንን የመሰለ ቀሚስ እንደለበሰች ወጥ ቤት ተቀምጠን ዳቦ በላን።

ስለ አንሶላው ጠየቅኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? «ነፋሱ ሲያውለበልበው ሰው በእጁ የሚጠራኝ እየመሰለኝ ስንቴ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰው አለመሆኑን ሳይ ተናደድኩ፣ ጻፍኩ።» እቴቴ፣ ስንት ወር ሙሉ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ!

ባለቤቴ ደብዳቤሽን አነበበ። እንደ ልማዱ ግድግዳውን ሊመታ እጁን አነሳና ተወው። «ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አለኝ። «ምን ጎደለሽ ስትለኝ የምጠራው ነገር አጣሁ» አልኩት። ብዙ አወራን። አልፈረምንም፣ እቴቴ። አከራያችንን ለአንድ ዓመት በኪራይ አቆየን ብለን ለመንነው፤ እሺ አለ። ባለቤቴ ወደ ከተማው የሚቀርብ ሥራ ጠይቋል። ከዚያ ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ሰፈር እንፈልጋለን፤ ሐኪሟ ደግሞ ከሄዳችሁ እኔም ልሸጥ ይሆናል ትላለች።

ስለዚህ ቤት አልያዝኩም። የእናቴን ጨርቅ መልሰሽ ሳጥኑ ውስጥ አስገቢው፤ ቃሏ ይጠበቅ። ክሩን የላክሁልሽ ግን ደስ እንዲልሽ ነው። ሁለት ጀርባ ነው፤ ባለ አራቱ ቋጠሮ የእኔ፣ ባለ አምስቱ የእሷ። የእሷን እኔ ነኝ የለካሁት።

ያንቺው ጭራሮ

ሰኔ 8

ለጭራሮዬ፣ ለተለካችልኝ ልጄ።

እሰይ! የዛሬው ፊደሌ እንዴት ነው? ሞራው ተገፈፈ። ዓለም እንዲህ አቧራማ መሆኗን ረስቼው ነበር። አሁን መርፌዬ ውስጥ ክር በራሴ አስገባለሁ። ግን ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ጠዋት ጠዋት ትራሷን ደፉ ላይ ማስቀመጤን አልተውኩም። ትናንት የልብስ አጣቢዋ መርፌዋን ሰክታ ስትሄድ ዞር ብላ «ዓይንሽን ተሻለሽ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። ቀስ በቀስ ነው የምድነው።

የእናትሽን ጨርቅ ሳጥን ውስጥ አስገቢው ላልሽው፣ አላስገባሁትም። እሷ ጨርቁን የገዛችው ለአንቺ ነው፣ ለግድግዳ አይደለም። ብትኖር ኖሮ እሷው ነበረች ጀርባሽን የምትለካሽ። የሐኪሟን ቋጠሮ ሳይ መገልበጡ አሳቀኝ፤ ጥሩ ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም። በእሱ ልክ ሰፋሁት። ከእሱ የተረፈው ለአንድ ሸሚዝ በቃኝ፤ ባለ አምስቱ ቋጠሮ የእሷ ነው። ሁለቱም እዚሁ ጥቅል ውስጥ አሉ።

ቁልፎቹን ጀርባ ላይ ነው ያደረግኋቸው፤ በሁለቱም ላይ። ከአንገት እስከ ወገብ፣ ጥቃቅን፣ እጅ የማይደርስባቸው። ያልሽኝን ረስቼ አይደለም። ማናችሁም ብቻችሁን እንዳትለብሱት ነው።

አክስትሽ